ውሃው እስኪዞር

ደጋ ተወልዶ ላደገ ሰው ውሃ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ያለው፤ ቁልቁል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ጢስ ዓባይ ሲወርድ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ የለም። በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ግን፣ በዋሽንግተን ግዛትና በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደሴቶች መካከል፣ ከትልልቅ ወንዞች የሚፈጥን የባሕር ውሃ በቀን አራት ጊዜ ያህል አቅጣጫውን ይለውጣል። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ሲጋልብ ያያችሁት ውሃ ከሰዓት በኋላ ያንኑ ድንጋይ ከወዲያኛው ጎኑ እየመታ ወደ ምዕራብ ሲጋልብ ታገኙታላችሁ። የዞረው ቁልቁለቱ ነው። ከሰርጡ ወዲያና ወዲህ ያለው የባሕር ከፍታ ተለዋወጠ፤ ውሃው የሠራው የዘወትር ሥራውን ነው፣ ከፍ ካለበት ዝቅ ወዳለበት መውረድ።

፠

ሲያትል ላይ በቀኑ ከፍተኛ ሙላትና በቀኑ ዝቅተኛ ጉድለት መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ ወደ ሦስት ሜትር ተኩል ይጠጋል። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ፒውጀት ሳውንድ የሚባለው የባሕር ክንድ በሚያልቅበት በኦሊምፒያ፣ ከአራት ሜትር ያልፋል። ያ ሁሉ ውሃ ገብቶ የሚወጣው በጥቂት በሮች ነው። ሰፊው በር አድሚራልቲ ኢንሌት ነው፤ ጠባቡና ቁጡው ዲሴፕሽን ፓስ።

አብሬያቸው የምሳፈር ጋሼ በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ በባሕር ኃይል ውስጥ አገልግለዋል። «እዚያ ባሕሩ ተነሣ ቢባል አንድ ሜትር ነው፤ ነፋሱን እንጂ ሰዓቱን አንፈራም ነበር» ይላሉ። እዚህ አገር ጀልባ ሲገዙ ከጀልባዋ ቀጥሎ የገዙት የፍሰት ሰንጠረዥ ነው። ገጾቹ በእርሳስ የተሞሉ ናቸው፤ በየቀኑ ትይዩ የነፋሱን፣ የዝናቡን፣ ውሃው ከተጻፈው ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መዞሩን ይጽፋሉ። እኔ ስለ ሰርጥ የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት ከእነዚያ የእርሳስ ጽሑፎች ነው።

፠

ጀማሪ ሁሉ የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ሙላቱ ሲያበቃ ፍሰቱም ያበቃል ብሎ ማሰብ። አያበቃም። ከጠባብ በር ጀርባ ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ካለ፣ ውጭ ያለው ባሕር ጣሪያው ላይ ደርሶ መጉደል ሲጀምር ውስጥ ያለው ገና አልሞላም። ስለዚህ ከውጭ እየጎደለ ያለ ባሕር ወደ ውስጥ መፍሰሱን ይቀጥላል። ፍሰቱ የሚቆመው የወዲያና የወዲህ ከፍታ እኩል ሲሆን ብቻ ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ በአንዳንድ ሰርጥ ከሙላቱ በብዙ ሊዘገይ ይችላል። የከፍታ ሰንጠረዥና የፍሰት ሰንጠረዥ ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት የሆኑት ለዚህ ነው። መልሕቅ ለመጣል የመጀመሪያውን፣ ሰርጥ ለማለፍ ሁለተኛውን ማንበብ ግዴታ ነው።

፠

ርዝመቷ ዘጠኝ ሜትር የሆነ የሸራ ጀልባ፣ ሸራም ትዘርጋ ሞተርም ታስነሣ፣ ከሰባት ኖት በላይ መሄድ ይከብዳታል። ኖት ማለት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል፣ 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍጥነቷን የሚወስነው የሞተሩ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ስትሄድ ራሷ የምታስነሣው ማዕበል ከርዝመቷ ጋር ሲመጣጠን ቅርጿ ከዚያ በላይ አያስኬዳትም። ከሥሯ የተሰቀለው ከባዱ ኪል በነፋስ እንዳትገለበጥ ይጠብቃታል፤ ፍጥነት ግን አይጨምርላትም።

አሁን የሰርጦቹን ፍጥነት ከዚህ ጋር አስተያዩት። ዲሴፕሽን ፓስ እስከ 8 ኖት ይደርሳል። ናናይሞ አጠገብ ያለው፣ ወርዱ መቶ ሜትር እንኳ የማይሞላው ዶድ ናሮውስ እስከ 9። ሲሞር ናሮውስ እስከ 15። ስኩከምቸክና ናክዋክቶ ደግሞ በኃይለኛው ቀን ከዚያም ያልፋሉ። በሰባት ኖት ወደፊት የምትሄድ ጀልባ ስምንት ኖት የሚመጣበት ሰርጥ ውስጥ ብትገባ ሞተሯ እየጮኸ፣ ውሃው ከፊቷ እየተሰነጠቀ፣ ዳር ያሉት ዛፎች ወደፊት ሲያልፏት ታያለች። ነዳጅ እያቃጠለች ወደኋላ ትሄዳለች። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው፤ በጉልበት የሚሸነፍ ነገር አይደለም። ሰርጥ የሚታለፈው በሰዓት ነው።

፠

ፍሰቱ ቆሞ ከተነሣበት እስከ ጣሪያው ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል እንበል። በመጀመሪያው ሰዓት መጨረሻ የጣሪያውን ግማሽ ይይዛል፤ በሁለተኛው መጨረሻ ከመቶ ዘጠና እጁን። ዛሬ ሰርጡ 8 ኖት የሚደርስ ከሆነ፣ አንድ ሰዓት የዘገየ ሰው የሚያገኘው 4 ኖት ነው፤ ሁለት ሰዓት የዘገየ ከ7 በላይ። «ትንሽ ብንዘገይ ምን አለበት» የሚባል ነገር እዚህ የለም።

በዚህ አካባቢ በቀን ሁለት ሙላትና ሁለት ጉድለት ቢኖርም እኩል አይደሉም፤ አንዱ ጉድለት ጥልቅ፣ ሌላው ለስላሳ ነው። ስለዚህ ውሃው የሚዞርባቸው አራቱ ሰዓቶችም እኩል አይደሉም። አንዳንዱ ዕረፍት ሩብ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል፣ የሚከተለውም ፍሰት ረጋ ያለ ነው። ሌላው ደግሞ ደቂቃዎች ብቻ ቆይቶ ውሃው በሙሉ ኃይሉ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ብልህ መርከበኛ ሰንጠረዡን ሲያነብ የሚፈልገው የዕረፍቱን ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ከዕረፍቱ በኋላ ምን እንደሚመጣ ነው።

፠

ጋሼ ወደ ሰርጥ መግባት የሚወዱት ፍሰቱ ገና ወደ እሳቸው እየመጣ፣ ነገር ግን ሊሞት ሲል ነው። በመጀመሪያ ሲታይ ይገርማል፤ ውሃው ወደሚሄዱበት መዞር እስኪጀምር ለምን አይጠብቁም? ምክንያቱ ቀላል ነው። ሊሞት የተቃረበ ተቃራኒ ፍሰት ላይ ሞተር ቢጠፋ ውሃው ጀልባዋን የሚመልሳት ወደ መጣችበት፣ ወደምታውቀው ሰፊ ባሕር ነው። ከኋላ በሚገፋና እየጨመረ በሚሄድ ፍሰት ላይ ሞተር ቢጠፋ ግን ውሃው የሚወስዳት ወደ ሰርጡ ወገብ፣ ወደ ድንጋዮቹ ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ እንኳ ልዩነቱ ይሰማል። በመጀመሪያው ሁኔታ ሐሳብን መቀየር ይቻላል፤ በሁለተኛው አይቻልም።

፠

መሪ የሚሠራው ውሃ በላዩ ሲያልፍ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ከኋላው በሚገፋ ፍሰት ላይ ሞተሩን ያቀዘቅዛል፤ ዳርቻው እየፈጠነ ሲያልፈው ስለሚያይ የፈጠነ ይመስለዋል። ከመሬቱ አንጻር በእርግጥ ፈጥኗል፤ ከውሃው አንጻር ግን ቆሟል፣ የቆመ ጀልባ ደግሞ መሪው ይሞታል። በሚሮጥ ባቡር ውስጥ የቆመ ሰው በመስኮቱ ዛፍ ሲያልፍ ቢያይም እግሩን እንዳላነሣ ሁሉ፣ እሱም ከውሃው ጋር ተወሰደ እንጂ አልተጓዘም። ስለዚህ ውሃው ሲገፋ ሞተር አይቀነስም። የራስን ፍጥነት መያዝ፣ ዓይንን ከመውጫው መሀል አለማንሣት።

ስልክ ላይ የሚታየው የሳተላይት ፍጥነት እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያሳስታል። እሱ የሚናገረው ከመሬት አንጻር ያለውን ነው። ውሃው ላይ ያለውን የሚናገረው ጀልባዋ ሥር የምትሽከረከረው ትንሿ መለኪያ ናት። የሁለቱ ልዩነት የፍሰቱ ፍጥነት ነው፤ ጋሼ በየሁለት ደቂቃው ሁለቱንም ጮክ ብለው ያነቧቸዋል።

፠

ነፋስና ፍሰት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ባሕሩ ይለሰልሳል፤ ሸራው ግን ይሞታል። ከኋላ 10 ኖት ነፋስ እየመጣ ውሃው 6 ኖት ቢወስዳችሁ፣ ጀልባዋ ገና ሳትንቀሳቀስ ጀርባችሁ ላይ የሚሰማችሁ ነፋስ 4 ኖት ብቻ ነው። ሸራው ይረግባል፤ ሰርጡ ውስጥ ሸራው የረገበበት መርከበኛ ምርጫው ጥቂት ነው። በተቃራኒው ነፋሱ ከፊት፣ ፍሰቱ ከኋላ ሲሆን ሸራው ይወጠራል፤ ማዕበሉ ግን ያጥራል፣ ይቆማል፣ አናቱ ይሰበራል። ሰፊ ባሕር ላይ ማንም የማይፈራው 20 ኖት ነፋስ በሰርጥ አፍ ላይ ትልቅ ጀልባ ያስጨንቃል። የአየር ትንበያና የፍሰት ሰንጠረዥ ለየብቻ ሲነበቡ ሁለቱም ደህና ቀን ሊናገሩ ይችላሉ፤ አደጋው ያለው ሲገጣጠሙ ነው።

፠

ሸራ የዘረጋ ሁሉ በሞተር ከሚሄድ ላይ ቅድሚያ አለው የሚል እምነት ሰፊ ነው። ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ግን ሕጉ ይለወጣል። በዓለም አቀፉ የባሕር ግጭት መከላከያ ደንብ አንቀጽ 9 መሠረት የሸራ ጀልባም ሆነ ከ20 ሜትር የሚያንስ ጀልባ፣ ከሰርጡ ወጥቶ መሄድ የማይችለውን ትልቅ መርከብ ማሰናከል አይፈቀድለትም። ትክክል ነው። ግዙፍ መርከብ በሰርጥ ውስጥ መቆም አይችልም፤ ከቆመ መሪው ይሞታል፣ መሪው ከሞተ ደግሞ ፍሰቱ ነው የሚወስነው።

፠

ሲሞር ናሮውስ በቫንኩቨር ደሴትና በኳድራ ደሴት መካከል፣ ካምቤል ሪቨር ከምትባለው ከተማ በስተሰሜን ነው። በውስጠኛው ባሕር ወደ አላስካ የሚሄድ መርከብ ዋና መንገድ ነው። እስከ 1958 እ.ኤ.አ. በዚህ ሰርጥ መሀል ሪፕል ሮክ የሚባል ሁለት ራስ ያለው የድንጋይ ተራራ በውሃ ውስጥ ቆሞ ነበር። በጉድለት ሰዓት ከአንደኛው ራስ በላይ የሚቀረው ውሃ ሦስት ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ከ15 ኖት ፍሰት ጋር ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም፤ አዙሪቶቹ ከድንጋዩ ጀርባ ይወለዱና መርከቡን ወደዚያው ይጎትቱት ነበር። በ1875 ሳራናክ የሚባል የአሜሪካ የጦር መርከብ መታው። ባለፉት ዓመታት ከሃያ ያላነሱ ትልልቅ መርከቦችና ከመቶ በላይ ትንንሽ ጀልባዎች እዚህ ተጎድተዋል ወይም ሰጥመዋል፤ ቢያንስ 114 ሰው ሞቷል።

ድንጋዩን ለማጥፋት መጀመሪያ የሞከሩት ከላይ ነበር። በ1940ዎቹ ሁለት ጊዜ መሰርሰሪያ የተሸከመ ተንሳፋፊ መድረክ በገመድ አስረው ሊያቆሙ ሞከሩ፤ ውሃው ማሰሪያዎቹን እየበጠሰ አላቆም አላቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሐሳብ ነው እኔን የሚያስደንቀኝ። ውሃውን መታገሉን ተዉት። ከ1955 መጨረሻ ጀምሮ አጠገቡ ካለችው ከሞድ ደሴት ላይ ወደ ታች ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ከዚያ ከባሕሩ ወለል ሥር ከ700 ሜትር የሚበልጥ አግድም ዋሻ አስኬዱ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሁለቱ ራሶች ውስጥ ወደ ላይ ቆፍረው ወጡ። ሠራተኞቹ ለሁለት ዓመት ከምናምን ያንን ሁሉ ፍሰት ከራሳቸው በላይ አድርገው በደረቅ ድንጋይ ውስጥ ሠሩ። 1,270 ቶን የሚያህል ፈንጂ ሞሉት። ሚያዝያ 5 ቀን 1958 ጠዋት 9፡31 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አፈነዱት፤ በካናዳ ቴሌቪዥን በቀጥታ ታየ። የኑክሌር ካልሆኑት ፍንዳታዎች ውስጥ እስከዚያ ጊዜ ከታዩት ታላላቆቹ አንዱ ነበር።

ዛሬ ከሁለቱ ራሶች በላይ ከ13 ሜትር የሚበልጥ ውሃ አለ። መርከብ አይነካቸውም። ፍሰቱ ግን አሁንም እስከ 15 ኖት ይሮጣል፣ አዙሪቱም አለ፣ ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ሳይቀሩ ሰዓት ይጠብቁለታል። ድንጋዩ እንዳለ ይቆይ ያሉም ነበሩ፤ አንድ ቀን ቫንኩቨር ደሴትን ከዋናው ምድር ጋር ለሚያገናኝ ድልድይ ምሰሶ መቆሚያ ይሆናል ብለው። ያ ድልድይ እስከ ዛሬ አልተሠራም። የሞቱት ሰዎች ቁጥር ካልተሠራ ድልድይ ጋር ተመዝኖ ውሳኔው ለሰው በማድላቱ ደስ ይለኛል።

፠

ከዲሴፕሽን ፓስ በስተሰሜን፣ ሮዛሪዮ በሚባለው ዳርቻ ላይ፣ በ1983 የቆመ ቀለም የተቀባ የሴት የእንጨት ሐውልት አለ። የአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ የሳሚሾች ታሪክ ነው። ኮ-ኳል-አልውት የምትባል ልጃገረድ ከባሕር ዳር ምግብ ስትለቅም የባሕሩ መንፈስ እጇን ያዘ። ሊያገባት ጠየቀ። አባቷ እንቢ ሲል ባሕሩ ምግቡን ከሕዝቡ ከለከለ፤ እሷም ወገኖቿ እንዳይራቡ ብላ ሄደች። ቤተ ሰቧን ለመጠየቅ በየዓመቱ ትመለስ ነበር፤ በመጣች ቁጥር ግን ፊቷና እጇ ላይ የባሕር ቅርፊት እየበዛ፣ ምድር ላይ መቆየት እየከበዳት ሄደ። በመጨረሻ ወገኖቿ ራሳቸው አሰናበቷት። በሰርጡ ውስጥ የሚንሳፈፈው ረጅሙ የባሕር ሣር ጸጉሯ ነው ይላሉ።

ያ ሣር፣ ኬልፕ የሚባለው፣ መርከበኛ ሁሉ የሚያየው ምልክት ነው። ሥሩ ድንጋይ ላይ የታሰረ ስለሆነ ውሃው ወደሚሄድበት ይተኛል። ረጋ ሲል ቀና ይላል፤ በጣም ሲፈጥን ጨርሶ ይሰጥማል። ሣሩ ያለበት ቦታ ድንጋይ አለ ማለትም ነው። አንድ ሕዝብ ልጆቹ በዚህ ውሃ ውስጥ ዓይናቸውን የት እንዲያሳርፉ ሊነግራቸው ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ ታሪክ የሚያገኝ አይመስለኝም። እንግሊዛዊው የባሕር አሳሽ ጆርጅ ቫንኩቨር በ1792 ወደዚህ ሲደርስ ከሰርጡ አጠገብ ያለው መሬት ልሳነ ምድር መስሎት ነበር፤ ጆሴፍ ዊድቢ የተባለው ባልደረባው ዞሮ ሰርጡን ሲያገኝ ደሴት መሆኑ ታወቀ። ሳሚሾች ያን ጊዜም እዚህ ይኖሩ ነበር።

፠

ባለፈው በጋ የጋሼ የልጅ ልጅ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ አብራን ነበረች። ስልኩ «ውሃው ቆሟል» ይላል። ሰንጠረዡም ያንኑ ይላል። ጋሼ መሪውን ሊያዞሩ ሲሉ «አባባ፣ ሣሩ ገና ተኝቷል» አለች። ቀና ብለው አዩ፤ ተኝቷል። ምንም ሳይናገሩ ሞተሩን አለሰለሱና ቦውማን ቤይ በሚባለው ጥግ ዞረው ጠበቁ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ፈጀ።

ሰንጠረዥ ትንበያ ነው። የጨረቃንና የፀሐይን ስበት ያውቃል፤ የትናንቱን ነፋስ አያውቅም። የአየር ግፊት በአንድ ሄክቶፓስካል ሲወርድ ባሕሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በረዶ ቀልጦ እንደ ፍሬዘር ያሉ ወንዞች ሲሞሉ ወደ ውጭ የሚወጣው ፍሰት ይረዝማል። በጋሼ ጀልባ ላይ «እንመለስ» ወይም «እንጠብቅ» ያለ ማንም ሰው፣ ትንሹም ቢሆን፣ ይሰማል፤ ምክንያቱን መጠየቅ የሚቻለው ጀልባዋ ከዞረች በኋላ ነው። በባሕር ኃይል እንዲህ ያለ ሕግ እንዳልነበረ፣ እዚህ ራሳቸው ያወጡት እንደሆነ ነግረውኛል።

፠

ጆርጅ ኦርዌል በ1947 ነሐሴ፣ በስኮትላንዷ ጁራ ደሴት ላይ ተቀምጦ «1984»ን በሚጽፍበት ጊዜ፣ የሦስት ዓመት ልጁንና የእኅቱን ልጆች ይዞ በትንሽ የሞተር ጀልባ ወደ ኮሪቭሬካን ሰርጥ ገባ። የፍሰቱን ሰዓት አሳስቶ አንብቦ ነበር። አዙሪቱ ሞተሩን ከጀልባዋ ነቅሎ ጣለው፤ በመቅዘፊያ ታግለው አንዲት ድንጋያማ ደሴት ሲደርሱ ጀልባዋ ተገለበጠች። ልጁን ከተገለበጠችው ጀልባ ሥር አወጡት። በኋላ አሳ አጥማጆች አይተው አነሧቸው። ይህን የማነሣው የታላቅ ሰው ታሪክ ስለሆነ አይደለም፤ እንደ እሱ ጠንቅቆ የሚያነብ ሰው የሰንጠረዡን አንድ መስመር ሊስት ከቻለ ሁለት ሰው ለየብቻ አንብቦ ማመሳከር እንደሚገባ ስለሚያሳይ ነው። በተለይ እኛ። ቀኑን ከንጋት ጀምረን የምንቆጥር ሰዎች ስድስት ሰዓት ማምታታት እንችላለን፤ በዚህ ባሕር ስድስት ሰዓት ማለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዕረፍት ወደ ዕረፍት፣ ከገቢ ፍሰት ወደ ወጪ ፍሰት ነው። በዚያ ላይ የታተሙት የካናዳ ሰንጠረዦች ለረጅም ጊዜ ሲጻፉ የቆዩት በመደበኛው የፓስፊክ ሰዓት ነው፤ ሰዓት ወደፊት በሚገፋበት ወራት አንድ ሰዓት መጨመር የአንባቢው ፋንታ ነበር።

፠

አሜሪካውያን የባሕር ከፍታ መነሻቸውን የሚወስኑት በ19 ዓመት ልኬት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲሠሩበት የቆዩት ከ1983 እስከ 2001 ያለውን ነው። 19 ዓመት ያስፈለገው የጨረቃ ምሕዋር ያዘነበለበት አቅጣጫ ዞሮ የሚመለሰው በ18.6 ዓመት ስለሆነ ነው፤ ወደ ሙሉ ዓመት ሲጠጋ 19። በባሕረ ሐሳባችን ደግሞ ንኡስ ቀመር 19 ዓመት ነው፤ አበቅቴና መጥቅዕ በዚያ ይዞራሉ። የእኛው ግን ሌላውን የጨረቃ ነገር ነው የሚቆጥረው፤ 235 የጨረቃ ወሮች ከ19 የፀሐይ ዓመታት ጋር የሚገጥሙበትን። አንዷ ጨረቃ፣ ሁለት የተለያዩ ዑደቶች፣ አንድ ቁጥር። የቤተ ክህነት ተማሪ የሆነ ወጣት የፍሰት ሰንጠረዥ ቢሰጡት ከብዙው ቀድሞ የሚገባው ይመስለኛል። ጨረቃ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እንደምትዘገይ፣ ሙሉ ስትሆንና ስትጠፋ ነገሩ እንደሚጠነክር ለማስረዳት ብዙ አይደከምም።

ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ይህን ስሌት የሚሠራው ማሽን ነበር። የአሜሪካው ሁለተኛው የነሐስ ማሽን ከ1910 እስከ 1965 አገልግሏል፤ 37 የተለያዩ የጨረቃና የፀሐይ ተጽዕኖዎችን በጥርስና በሰንሰለት ይደምር ነበር፣ በእጅ እየተዞረ። አሁን የሚገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደሩ መሥሪያ ቤት ነው። ያች ከተማ ስንት ሐበሻ እንዳለባት ለሚያውቅ፣ ለብዙዎቻችን ከቡና ቤታችን በእግር የሚደረስበት ነው።

፠

በሰርጥ አፍ ላይ የሚጠብቁ ጀልባዎችን ማየት እወዳለሁ። ባለ ሚሊዮን ዶላሩም፣ ቀለሙ የተላላጠውም በዚያች ሰዓት እኩል ነው። ጎታች መርከብ የታሰሩ ግንዶች ከኋላው አስከትሎ ከመጣ ሁሉም ቦታ ይለቅለታል፤ እሱ በሁለት ኖት ገደማ የሚሄድ፣ መዞርም መቆምም የማይችል ነው። ፍሰቱ የሚገፋው ጀልባ ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ ያንንም የሚያስገድድ ፖሊስ የለም። አንዱ በሬዲዮ «ከደቡብ እየገባሁ ነው፣ አንድ የሸራ ጀልባ» ብሎ ይናገራል፤ ከወዲያ ሌላው «ሰምቻለሁ፣ እጠብቃለሁ» ይላል። ሰው ለማያውቀው ሰው እንዲህ በቀላሉ ሲጠነቀቅ የማየው በጥቂት ቦታ ነው።

፠

ከ2015 ጀምሮ ከፖርት ታውንዘንድ እስከ አላስካዋ ኬቺካን 750 ማይል የሚካሄድ ሞተር የተከለከለበት ውድድር አለ። ሸራ፣ መቅዘፊያ፣ ፔዳል ይፈቀዳል። የመጀመሪያው ሽልማት አሥር ሺህ ዶላር፣ የሁለተኛው የስቴክ ቢላዎች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁሉም በሲሞር ናሮውስ ማለፍ ነበረበት። ሞተር የሌለው ሰው ሰርጡ አፍ ላይ ሌሊት ሰባት ሰዓት ደርሶ ፍሰቱ ከተቃወመው ሌላ ምርጫ የለውም፤ ተኝቶ ይጠብቃል። ሦስት ሰዓት ቀድሞት የደረሰውንም እዚያው ሲጠብቅ ያገኘዋል። ፈጣኖች ከዘገምተኞች ጋር በአንድ ጥግ የሚተኙበት ሌላ ውድድር አላውቅም።

፠

በፖርት ታውንዘንድና በኩፕቪል መካከል የሚመላለሰው የዋሽንግተን ግዛት ጀልባ መኪና ጭኖ አድሚራልቲ ኢንሌትን ያቋርጣል። በዓመቱ አንዳንድ ቀን ጉድለቱ ከመጠን ሲያልፍ ወይም ፍሰቱ ሲበረታ ጉዞዎች ይሰረዛሉ፤ አስቀድሞ በሰሌዳ ይለጠፋል። ተሳፋሪዎች ሲያጉረመርሙ ሰምቻለሁ። የዛሬ ስንት ወር ውሃው የማያሻግር እንደሚሆን ዛሬ ማወቅ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ የዓለም አደጋ እንዲህ አይናገርም።

፠

ሲያትል ውስጥ ልጅ የምናሳድግ ኢትዮጵያውያን ውሃውን የምናየው በአብዛኛው ከድልድይ ላይ፣ ከመኪና መስኮት ነው። ብዙ ወላጅ ልጁን ከውሃ የሚያርቀው ስለሚወደው ነው፤ እኔ ግን ፍቅሩ በሌላ መንገድ ቢገለጥ እመኛለሁ። በውሃ የተከበበ ከተማ ውስጥ የሚያድግ ልጅ ዋና መማር አለበት፣ ቀጥሎም ውሃ ማንበብ። ሌክ ዩኒየን ላይ ያለው የእንጨት ጀልባዎች ማዕከል ለዓመታት እሁድ እሁድ ሰውን በነጻ ሲያሳፍር ቆይቷል።

ጀልባ ላይ መውጣት ለማይፈልግ ደግሞ የዲሴፕሽን ፓስ ድልድይ አለ። በ1935 የተሠራ ነው፤ ከውሃው በላይ 55 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ በሁለቱም ጎን ጠባብ የእግረኛ መተላለፊያ አለው። ሙሉ ጨረቃ ወይም አዲስ ጨረቃ በሆነች ሰሞን ሂዱ፤ ያን ጊዜ ፍሰቱ ይበረታል። የፍሰት ሰንጠረዡን፣ የከፍታውን ሳይሆን የፍሰቱን፣ ከቤት አንብባችሁ ውሃው ከሚዞርበት ሰዓት አርባ ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ልጁ አንድ ተንሳፋፊ ግንድ ይምረጥና በዓይኑ ይከተለው። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ከሆነ ባሕሩ እየወጣ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ከሆነ እየገባ። ከዚያ ዳር ዳሩን እንዲያይ ንገሩት፤ መሀሉ ወደ አንድ ጎን እየሮጠ ጠርዙ ወደ ሌላው ጎን ሲመለስ ያገኘዋል፤ ትንንሽ ጀልባዎች ተጠግተው የሚያልፉበት መንገድ እሱ ነው። ድልድዩ ላይ ነፋስ ስለማይጠፋ በበጋም ቢሆን ጃኬት ይያዝ፤ መኪናዎቹ ቅርብ ስለሆኑ የትንንሾቹ እጅ አይለቀቅ።